ሙያን ስለ መለወጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበትበት ጊዜ ስለ ቀረበ ያገኘን ሰው ሁሉ «ምን ልትሆኑ ነው?» እያለ ይጠይቀናል። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ልናነሣ አሰብን፤ ይኸውም ሰው አንድ ጊዜ የያዘውን ሙያ ሊለውጥ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በምን አኳኋን ይለውጠው? የሚል ነው። ገና ሥራ ያልያዙ ልጆች ስለ ሥራ መለወጥ ምን ያውቃሉ የሚል ቢኖር እውነት አለው። ስለዚህ የሚያውቁትን ጠይቀን፣ የተጻፈውንም አንብበን መጣን።

አስቀድመን የጠየቅነው ወላጆቻችንን ነው። ከመካከላችን የአንዱ አባት ሸማኔ ነበሩ። የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን እያጣበበባቸው ሲሄድ የሽመና ዕቃቸውን በአንድ ቀን አልጣሉም። አሮጌ የስፌት መኪና ገዝተው፣ ቀን እየሸመኑ፣ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን የተቀደደ ልብስ ይሰፉ ጀመር። እንዲህ እያደረጉ አንድ ዓመት ሙሉ ቆዩ። ሽመናውን የተዉት ከስፌቱ የሚያገኙት ገንዘብ የቤታቸውን ወጪ መቻሉን ካረጋገጡ በኋላ ነው። ዛሬ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ጨርቁንም እንዲመርጡለት ይለምናቸዋል፤ ድርና ማግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉና። የቀድሞ ሙያቸው በአዲሱ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ያገለግላቸዋል።

የሌላው ጓደኛችን አባት ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው ከተማ ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ ማትረፉን ባዩ ጊዜ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው እርሳቸውም ሱቅ ከፈቱ። ነገር ግን ዱቤን መዝግቦ መያዝ፣ ዕቃ የሚወደድበትንና የሚረክስበትን ወራት ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። ወደ እርሻቸው ሲመለሱም የቀረውን አንድ በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር በመቀናጆ እያዋሉ ማረስ ግድ ሆነባቸው። ታሪካቸውን በዚህ ቀን ለመናገር ፈቃዳቸውን ብንጠይቃቸው፣ «ንገሩ እንጂ፤ ልጆች ይማሩበት» አሉን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ነው።

እነዚህ ሁለት አባቶች በትጋትም ሆነ በብልኅነት አይበላለጡም። ልዩነታቸው አንዱ አዲሱን ሥራ በጥቂቱ ሞክረው ሥራውን ራሱን ማየታቸው፣ ሁለተኛው ግን የሥራውን ትርፍ ብቻ ማየታቸው ነው።

ከዚህ በኋላ በዓለም የታወቁ ሰዎችን ታሪክ መረመርን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን። በ1875 በአልዛስ የተወለዱት አልበርት ሽዋይትዘር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የፍልስፍና ዶክተር፣ የነገረ መለኮት መምህርና የታወቁ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። በ1905 ግን ሐኪም ሆነው በአፍሪካ ለመሥራት ቆርጠው፣ ዘመድና ወዳጅ እየተቃወማቸው፣ እንደገና ተማሪ ሆኑ። በ1913 የነርስነት ሙያ ከተማሩት ባለቤታቸው ጋር ወደ ጋቦን ሄደው በላምባሬኔ ሆስፒታል አቋቋሙ። ለዚህም ሥራ ካዋሉት ገንዘብ ብዙው ኦርጋን በመጫወትና መጽሐፍ በመጻፍ የተገኘ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዕዳ ሲጫናቸው ያወጣቸው ይኸው የቀድሞ ሙያቸው ነው፤ በ1924ም ወደ ላምባሬኔ ተመለሱ። አፍሪካዊውን እንደ ታናሽ ወንድም ይቈጥሩት ስለ ነበር ዛሬ ይነቀፋሉ፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ስለ ሙያ መለወጥ ግን ትልቅ ትምህርት ትተውልናል። ከውሳኔያቸው እስከ ጉዟቸው ስምንት ዓመት አለፈ፤ አሮጌውንም ሙያ የአዲሱ ስንቅ አደረጉት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

ከአገራችን ደግሞ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ታሪክ እናስታውሳለን። በ1932 በአንኮበር ተወልደው በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ስጦታቸውን ያዩት መምህሮቻቸው ግን አበረታቷቸው፤ በለንደንም በታወቀው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። አገር መሐንዲስ ስትጠብቅ ሠዓሊ ሆኖ መመለስ ቀላል ነገር አልነበረም። እርሳቸውም ለዚህ መልስ የሰጡት በሥራ ነው። አገራቸውን ዞረው ካዩ በኋላ በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያቸውን የሥዕል ትርኢት አሳዩ፤ እንደገናም ወደ አውሮፓ ሄደው ባለቀለም መስታወት የመሥራትን ጥበብ ተማሩ። በ1961 በተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚያህሉትን ባለቀለም መስታወቶች ያየ ሰው የአገር ገንዘብ ባከነ ሊል አይችልም። ሎሬት አፈወርቅ በ2012 ዐረፉ፤ መስታወቶቹ ግን ዛሬም ብርሃን ያስገባሉ። ሙያ መለወጥ ከድካም ማምለጫ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ የለወጠ ሰው የሚጠበቅበት ድካም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ከእጅ ሥራ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄደውን ሰው እልል እንልለታለን፤ ከጽሕፈት ቤት ወደ አናጢነት የሚሄደውን ግን ምን ነካው እንላለን። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በልባችን ግን ገና አልተፈጸመም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፣ ሙያውን ሊለውጥ የሚያስብ ሰው የሚሸሸው ከምን እንደ ሆነ፣ የሚሄደውም ወደ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ይወቅ። አለቃን መጥላትና ሙያን መጥላት አንድ አይደሉም። ከአለቃው ጋር ያልተስማማ መምህር የሚያስፈልገው ሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል እንጂ ሌላ ሙያ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሳይለቅ ይሞክር። በማታ፣ በዕረፍት ቀን፣ በሌላ ሰው ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ጥቂት ወራት ይሥራ። የሥራውን ትርፍ ብቻ ሳይሆን የሥራውን ሰኞ ጠዋት ይይ።

ሦስተኛ፣ በእርሱ ሥራ የሚበሉትን ይቍጠር። ያለ ደመወዝ ስንት ወር መቈየት እንደሚቻል ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያስላ። ለብቻው የቈረጠው ነገር መከራው ለብቻው አይሆንምና።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ይህ ነገር እኛንም የሚነካ ነው። ከመካከላችን ሐኪም ይሆናል ተብሎ የቤተሰብ ተስፋ ሁሉ የተጣለበት፣ የተፈጥሮ ሳይንስም ተምሮ እዚህ የደረሰ፣ ልቡ ግን ወደ መምህርነት የሚያዘነብል ጓደኛ አለን። ለእርሱ የተከፈለው የትምህርት ገንዘብ ከምን እንደ ተቈጠበ ስለሚያውቅ አፉን ከፍቶ መናገር አልቻለም። እንዲህ ያለ ልጅ፣ ዛሬም ሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ወደ እናንተ ቢመጣ «አሳፈርኸን» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አስበኸዋል?» ብላችሁ ትጠይቁት ዘንድ እንለምናችኋለን። መልስ ካለው አብራችሁ መርምሩት፤ መልስ ከሌለውም ያን ጊዜ ቈይ በሉት።

እናንተም ጓደኞቻችን፤ የተከፈለልን ገንዘብ በእኛ ላይ ዕዳ መሆኑን አንካድ። ይሁን እንጂ ይህ ዕዳ የሚከፈለው በአንድ ሙያ ብቻ አይደለም፤ በማናቸውም በሚገባ በተሠራ ሥራ ይከፈላል። በደካማ ልብ ከተሠራ ሕክምና ይልቅ በሙሉ ልብ የተሠራ መምህርነት ለአገርም ለቤተሰብም ይጠቅማል። ነገር ግን ፈተናው ከበደን ብለን የምንለውጥ ከሆነ ዕዳውን ከፈልን ሳይሆን ሸሸን ይባላል።

መምህሮቻችን ያስተማሩን ቋንቋና ሒሳብ፣ በሰዓት መገኘትና የጀመሩትን መፈጸም ወደ የትኛውም ሙያ ብንሄድ ከእኛ ጋር ይሄዳሉ።