ሲንኮና፦ ስሙ የማን ነው?



በቋንቋችን ለራስ ምታትም ሆነ ለሌላ ሕመም የሚዋጠውን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» እንለዋለን። ቃሉ ግን መነሻው የአንድ መድኃኒት ስም ነው፤ ይኸውም ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው የወባ መድኃኒት፣ ኩዊኒን ነው። ሲንኮና የአንዲስ ተራሮች ተወላጅ ሲሆን ከእኛው ቡና ጋር በአንድ አስተኔ፣ በሩቢያሴ ይመደባል። ቡናውን ጠጥቶ ኩዊኒን የዋጠ ሰው ሳያውቀው ሁለት ዘመዳሞችን አገናኝቷል።

የወገኑን ስም ያወጣው ካርል ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም 1742 ነበር (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ስሙ የፔሩ እንደራሴ ባለቤት ለነበረችው ለቺንቾን እመቤት መታሰቢያ ነበር፤ በቅርፊቱ ከንዳድ ድናለች ተብሎ ይተረክ ነበርና። አንዲት ፊደል በመገደፏ «ቺንቾና» መባል የሚገባው «ሲንኮና» ሆኖ ቀረ። በ1941 ደግሞ ሃጊስ የተባለ አጥኚ የእንደራሴውን የዕለት መዝገብ መርምሮ ተረቱ መሠረት እንደሌለው አሳየ። ወገኑ እንግዲህ ባልዳነች ሴት ስም፣ ያውም ተሳስቶ፣ ይጠራል።

ሊኔየስ ዛፉን በቦታው አላየውም፤ የተመረኮዘው ላ ኮንዳሚን ሎሃ ድረስ ሄዶ ባዘጋጀው መግለጫ ላይ ነው። ከላ ኮንዳሚን ጋር በ1735 የተጓዘው የዕፅዋት ሊቅ ግን ጆዜፍ ደ ዡስዩ ነበር። ዡስዩም ስለ ዛፉ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ የቅርፊቱን ጥቅም አስቀድመው ያወቁት የማላካቶስ ነባር ሕዝቦች መሆናቸውን መዝግቧል። በ1771 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ አእምሮው ተናግቶ ነበር። ጽሑፉ የታተመው በ1936 ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ ነው። ይህ ቦሊቪያዊ የትኛው ዛፍ ብዙ ኩዊኒን እንደሚሰጥ ለይቶ ያውቅ ነበር። የሰበሰበውን ዘር ለእንግሊዛዊው ነጋዴ ለቻርልስ ሌጀር በ1865 አስረከበ። እንግሊዞች ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ደቾች ጥቂቱን ገዝተው ጃቫ ላይ ዘሩት፤ ከዚያም የዓለምን የኩዊኒን ገበያ ያዙ። ማማኒ ዘር በማውጣቱ ታሰረ፣ ተደበደበ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዛፉ «ሲንኮና ሌጀሪያና» ተባለ። ዛሬ ብዙዎች በሲንኮና ካሊሳያ ሥር ስለሚያጠቃልሉት የሌጀርም ስም እየደበዘዘ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ከአንድ አርሶ አደር ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ጫካ ዞሬያለሁ። ዕፅዋቱን ያሳየኝ፣ ስማቸውን የነገረኝ እርሱ ነው። በደረቁ ናሙናዎች መግለጫ ላይ «ሰብሳቢ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፍኩት ግን የራሴን ስም ብቻ ነበር። የሰውዬውን ስም ዛሬ አላስታውሰውም።

የቀዳሚነት ደንብ ስላለ ሳይንሳዊ ስም በፈለግነው ጊዜ አይለወጥም። የናሙና መግለጫ ግን በእጃችን ነው። በመጪው የመስክ ጉዞ በምትሞሉት ወረቀት ላይ ከ«ሰብሳቢ» ቀጥሎ «ያመላከተው ሰው» የሚል መስመር ጨምሬያለሁ፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።