ስለ ጤና አዳም ዘይት
(በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር ያሰብሁት በየጓሮው ስለሚተከለው፥ ከቡናችን ጋራ ስለሚቀርበው ስለ ጤና አዳም ነው። ሕፃን ሆዱን ቢያመው፥ ትልቁም ሰው ጉንፋን ቢይዘው እናቶቻችን አስቀድመው እጃቸውን የሚዘረጉት ወደ እርሱ ነው። እኛም በዚህች ሞቃት ከተማ በቆርቆሮ ተክለን፥ ውሃ እያጠጣን እናሳድገዋለን።

ለመሆኑ መዓዛው ከየት ይመጣል? ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ የተመለከተ ሰው የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ያያል፤ ዘይቱ የተቋጠረው በእነዚያ ውስጥ ነው። አረቄ አውጪዎች እንደሚያደርጉት፥ ቅጠሉን ከውሃ ጋራ አፍልቶ እንፋሎቱን ቢያቀዘቅዙት በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጥቂት ዘይት ይገኛል። ዋነኞቹ ክፍሎቹም ከኬቶን ወገን የሆኑ ሁለት ናቸው፤ ይኸውም 11 ካርቦን ያለው 2-አንዴካኖንና 9 ካርቦን ያለው 2-ኖናኖን ነው። መጠናቸው እንደ ቦታውና እንደ አጨዳው ጊዜ ይለያያል። 2-አንዴካኖን ለብቻው ለመፍላት ከ230 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከውሃ ጋራ ስለማይዋሐድ የሁለቱ የእንፋሎት ግፊት ተደምሮ ከ100 ዲግሪ በታች አብረው ይወጣሉ። ይኸው ነገር ነፍሳትን ስለሚያባርር እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ አገር ለማባረሪያነት ተመዝግቧል።

እኔም በዚህ ተደስቼ ለተማሪዎቼ፥ «ከጤና አዳም ጤና እንጂ ሌላ አይገኝም» ብዬ አስተማርሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ ቅጠሉን በባዶ እጄ ስቀጥፍ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን እጄ ቀላ፥ ውሃም ቋጠረ፤ ምልክቱ ለወራት አልጠፋም። ምክንያቱ እነዚያ ኬቶኖች አልነበሩም፤ በጭማቂው ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ከዚህም ሌላ ተክሉ በብዛት ሲወሰድ ፅንስን ለማስወረድ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት ልትወስደው አይገባም።

ስለዚህ በፋሻ የተጠቀለለ እጄን ይዤ በተማሪዎቼ ፊት ቆምሁና፥ «ያስተማርኋችሁ ጎደሎ ነበር» አልሁ። ማፈሬ አልቀረም። በማግሥቱ ግን አንዱ ተማሪ ቀርቦ፥ የመጀመሪያ ቃሌን ሰምቶ ለነፍሰ ጡር እኅቱ ጤና አዳም ሊያፈላላት አስቦ እንደ ነበረ፥ አሁን ግን እንደ ተወው ነገረኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የመምህር ስሕተት በክፍል ውስጥ አይቀርም፤ ከተማሪው ጋራ ወደ ቤት ይገባል። እኛ የምናሠለጥናቸው ደግሞ ነገ ራሳቸው መምህራን ናቸውና የአንዱ ስሕተት ወደ ብዙ ቤት ይደርሳል። የእናቶቻችንን ዕውቀት እናክብር፤ የምናከብረውም ጥቅሙንና ጉዳቱን መርምረን፥ ሁለቱንም ሳንሸሽግ ስናስተምር ነው።