ከመሬት በታች ያሉ ነዋሪዎችና ከሕክምና የሚተርፈው ጨረር



ከጫግኒ የመጣች ሐኪም ስለ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ልናገር ስትል ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ነገሩ ግን የእኛው ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ታካሚዎቻችንን ሪፈር የምንጽፍላቸው ወደ ጥቁር አንበሳ ነበር፤ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ እሱ ነበር፣ የሚሠራውም በኮባልት-60 ነበር። ኮባልት በ5.27 ዓመት ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያኔ ምንጩ ይቀየራል። የወጣውስ የት ይሂድ?

ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነውን አስታውሱ። ከተዘጋ የጨረር ክሊኒክ የቀረ ሲዚየም-137 ቁራሌ ለቃሚዎች እጅ ገባ። ሲከፍቱት ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ያበራል፤ ጎረቤት ተከፋፈለው። 249 ሰው ተበከለ፣ 4 ሞቱ።

ለኮባልት ሃምሳ ዓመት ያህል የሚጠበቅ መጋዘንና ጥሩ ቁልፍ ይበቃል፤ ያኔ ከሺህ አንድ እጅ ነው የሚቀረው። ድሮ ለሕክምና ያገለግል የነበረው ራዲየም-226 ግን በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈልጋል። ቁልፍ የሚይዝ ዘበኛ እስከዚያ አይኖርም! ለእንዲህ ዓይነቱ ደቡብ አፍሪካውያን አንድ ዘዴ አመጡ፦ እንደ ውሃ ጉድጓድ ጠባብ አድርጎ መቆፈር፣ ምንጩን በማይዝግ ብረት አሽጎ በሲሚንቶ መክበብ።

እዚህ ላይ ነው ባክቴሪያ የሚመጣው። እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ በምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን፣ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ባክቴሪያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ሆነ። ስሙ ዴሰልፎሩዲስ አውዳክስቪያተር ነው። ፀሐይ የለ፣ ኦክስጅን የለ። በድንጋዩ ያለው ዩራኒየም በጨረሩ ውሃን ይሰነጥቃል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ እሱ ያንን ይበላል። እኛ ጀርም እንገድልበታለን የምንለው ጨረር ለዚህኛው ቀለቡ ነው ማለት ነው።

ይህ ባክቴሪያና ዘመዶቹ ከሰልፌት ሰልፋይድ ይሠራሉ፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነገር መዳብን ይበላል። ፊንላንዶች በኦንካሎ ከ400 ሜትር በታች የሚቀብሩት የኒውክሌር ነዳጅ ደግሞ በመዳብ ነው የታሸገው። መላቸው ዙሪያውን ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ አጥብቆ መጠቅጠቅ ነው፦ ባክቴሪያው መላወሻም በቂ ውሃም ያጣል። በሲሚንቶውም ዘዴ የውሃው አልካላይነት ብዙዎቹን ያዳክማል።

የእኛ አካባቢ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ የምንጠጣው ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ይሄዳል። ለጠጪ በጎ፣ ለቀባሪ መጥፎ። ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ ከጂኦሎጂ ተማሪ ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ላይ አብሮ ይሂድ፤ ሰልፌቱን፣ ፒኤቹን፣ በውስጡ የሚኖረውን ይመዝግብ። ናሙና መቅጃ ጉድጓድ ከፈለጋችሁ ወደ ጫግኒ ኑ፣ ማረፊያውን እኔ አመቻቻለሁ።