የጨርቅ እቁብ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

በውጭ አገር ያሉ ሰፊ ሴቶች በኢንተርኔት ይገናኙና በየወሩ እያንዳንዷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ አራት ማዕዘን አገጣጥማ በፖስታ ትልካለች። ዕጣ የወጣላት ሁሉንም ሰብስባ ብርድ ልብስ ትሠራበታለች። እቁብ ማለት እኮ ነው፤ በብር ፋንታ ጨርቅ ገባ እንጂ።

እኛም አዳማ ውስጥ በየልብስ ሰፊው ቤት ቁርጥራጭ አናጣም። 12 ሆነን ብንጀምር ባለዕጣዋ የራሷን ጨምሮ 12 ታገኛለች፤ 3 በ4 ሲገጣጠም 90 በ120 ሳንቲሜትር፣ ለሕፃን የሚበቃ ብርድ ልብስ ይወጣዋል።

ቀለሙን እንደየምርጫችሁ፤ ልኩ ግን አንድ ይሁን። ስፌቱ በየጎኑ ስለሚበላው 31 ሳንቲሜትር ተኩል ሆኖ ይምጣ፣ ሲገጣጠም 30 ይቀራል። አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። አንዷ ብታሳጥር የ11ዱም ሥራ ይጣመማል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕጣዋን በመጀመሪያው ወር ወስዳ የምትቀር ናት። መጨረሻ የሚደርሳት እህት ዓመት ሙሉ ለሰው ሰፍታ የጎደለ ትወስዳለች። ስለዚህ እንደ ገንዘቡ እቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ይኑረን። «ለጨርቅ ደግሞ ዋስ!» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ የሴት ጉልበት እኮ ነው። የምትመዘገቡ ዋሳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ።