የተላጠ ዛፍ ሁሉ አይነቀልም



ሰበታ በወጨጫ ተራራና በመናገሻ ሱባ ደን አጠገብ፣ ቡራዩ በገፈርሳ ግድብ አቅራቢያ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ከደን ጋር ስለሚጎራበቱ፣ በግቢና በመንገድ ዳር ለጌጥ የተተከለው ዛፍ አንዳንድ ጊዜ የአውሬ ቀለብ ይሆናል። ጉዳቱ ሲታይ ቶሎ የሚቀናው ዛፉን ነቅሎ ሌላ ችግኝ መትከል ነው። ይህ አሠራር ግን ግድግዳው ስለ ፈረሰ ደኅናውን መሠረት ቆፍሮ ከማውጣት አይለይም። ለዓመታት የተዘረጋ ሥር አዲስ ችግኝ በአንድ ክረምት የማያፈራው ሀብት ነውና።

ስለዚህ አስቀድሞ ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ድኩላ ለጋውን ጫፍ ይቀነጥባል፤ ይህ ከሁሉ የቀለለ ነው። ጃርት በሌሊት መጥቶ የግንዱን ግርጌ ይልጣል። ፍልፈል ግን ከመሬት በታች ሥሩን ስለሚቆርጥ፣ ሲነኩት የሚወዛወዝ ለጋ ዛፍ ተስፋው የመነመነ ነው።

በግንድ ላይ የደረሰ ጉዳት የሚመዘነው በልጡ ነው። ውሃ በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ደግሞ በልጡ በኩል ወደ ሥር ይወርዳል። ከግንዱ ዙሪያ ከግማሽ በላይ ልጥ ከተረፈ ዛፉ የመዳን ዕድል አለው። የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በንጹሕና ስለታም ቢላዋ ማስተካከል፣ በበጋ ማጠጣት፣ ግንዱን ሳያስነኩ ዙሪያውን ገለባ ማልበስ ተገቢ ነው። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት ግን አያድነውም።

ልጡ ዙሪያውን ካለቀ ሥሩ ቀስ በቀስ ይራባል፤ ቅጠሉ ለጊዜው ለምልሞ መታየቱ ሊያታልል አይገባም። በዚህ ጊዜ ወሳኙ የዛፉ ዓይነት ነው። ወይራ፣ ጃካራንዳና ባሕር ዛፍ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። እነዚህን ከቁስሉ በታች፣ ውሃ እንዳያቁር አዘንብሎ በመጋዝ መቁረጥ፣ ኋላም ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ማስወገድ ነው። ሥራው በግንቦት ቢፈጸም ቀንበጡ የክረምቱን ዝናብ አግኝቶ፣ በተለይ በሱሉልታ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳይደርስበት ይጠነክራል። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ግን ከጉቶ አያቆጠቁጡም፤ ዙሪያቸውን ከተላጡ በሌላ መተካት ግድ ይሆናል።

አዲሱ ቀንበጥ ለጋ በመሆኑ አውሬን መልሶ ይጠራል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ የተቀበረ የሽቦ መረብ ጃርትን ያግዳል፤ ለድኩላ ግን አጥሩ ከሰው ቁመት ማነስ የለበትም። መርዝ ማኖር ፈጽሞ መፍትሔ አይሆንም። የምኒልክ ድኩላ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ መርዙም ለከብትና ለውሻ ይተርፋል።

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተተከለውን ችግኝ መቁጠር የተለመደ ሆኗል። ተጎድቶ የዳነው ዛፍም በመዝገቡ ላይ የራሱ ዓምድ ቢኖረው፣ ከመንቀሉ በፊት ጎንበስ ብሎ ግርጌውን የሚመረምር ባለሙያ ይበረክታል።