ከጎርፉ በፊት ዘመኑን አንብቡ



በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞላ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎርፍ ቀን ቀጥሮ አይመጣም። ውሃው ከጎደለ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ጉድጓዱና ምንጩ ይበከላል፤ ተቅማጥ ይነሣል። ተቅማጥ የሰውነትን ውሃና ጨው ያሟጥጣል። ቶሎ ካልተተካ ሰው ይሞታል።

የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። በጤና ኬላው መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ከረጢቱ ተቀዷል ወይ? እርጥበት ገብቶት ጠጥሯል ወይ? ጊዜውስ አልፎበታል ወይ?

እዚህ ላይ ንባባችሁ ይጠቅማል። በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ነው። ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። የማብቂያው ጊዜ 12/2025 የሚል ከሆነ፣ በእኛ ታኅሣሥ 2018 ላይ ያበቃል ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. አይቶ «ገና 7 ዓመት አለው» ያለ ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆናችሁ ያለፈበትን ለዩ። ደህናውን ቆጥራችሁ በደብተር ጻፉ። የጎደለው ዝናቡ ሳይጀምር ይጠየቅ።

ለሚቀጥለው ትምህርት አንድ ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ዘመኑን አብረን እናነባለን። ደህና ሁኑ።