አጥንት የሚወቅጡ ነዳያን
የእንግሊዝ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1834 ባወጀው የድኆች ሕግ መሠረት፣ ቀድሞ እያንዳንዱ አጥቢያ በየራሱ ይረዳቸው የነበሩት ነዳያን፣ አጥቢያዎች ተባብረው ባቆሙት የሥራ ቤት እንዲጠለሉ ሲደረግ፣ ኑሮው ከውጭ ካለው ድኻ ሠራተኛ ኑሮ እንዲከፋ ታስቦ ነበርና፣ ባል ከሚስቱ ተለይቶ ያድር ነበር፤ ይህን ምጽዋት ማለት ይከብዳል። በሃምፕሻየር አውራጃ በአንዶቨር ከተማ ግን፣ ለማዳበሪያ የሚሆን የከብት አጥንት እንዲወቅጡ የታዘዙት ምስኪኖች፣ ከተወሰነላቸው ቀለብ እንኳ እየተጓደለባቸው በረኀብ ስለ ተጨነቁ፣ ከአጥንቱ የቀረውን መቅንና የበሰበሰ ሥጋ እየተሻሙ ሲግጡ መገኘታቸው በ1845 በጋዜጣ ተገለጠ። ሸንጎው መርማሪ ኮሚቴ አቁሞ ምስክር ከሰማ በኋላ፣ በለንደን ተቀምጦ ደንቡን ያወጣ የነበረው ኮሚሽን በ1847 ፈርሶ፣ ለሸንጎው ተጠያቂ በሆነ መሥሪያ ቤት ተተካ፤ የሥራ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።